በቤት የተሠራ አልትራላይት፦ ከመጨረሻው ዳዶ እስከ መጀመሪያው 25 ሰዓት

አልትራላይት፣ ማለትም አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ በጣም ቀላል አውሮፕላን፣ በጋራዥ የሚሠሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ሲሠሩ አይሳሳቱም። ሁለትና ሦስት ዓመት እየተጠነቀቁ ይሠራሉ። አውሮፕላኗ ቀለም ተቀብታ፣ ሞተሯ ተነስቶ ሲያዩ ግን ትዕግሥታቸው ያልቃል። የሁለት ወር ሥራ በሁለት ቅዳሜ ይጨርሱታል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እዚህ ግን ያፈሰሰው ራሱ ለቃሚ ላይሆን ይችላል።

ስለዚህ ስለ ቱቦ አቆራረጥና ስለ ብየዳ አላወራም። እሱን ፕላናችሁ ወይም የኪቱ መጽሐፍ ይነግራችኋል። እዚህ ያለው የመጨረሻው ዳዶ ከገባ በኋላ የሚሠራው ሥራ ነው።

የምጽፈው ከኮሎራዶ ነው፤ የምጠቅሰውም የአሜሪካን ሕግ ነው። ኢትዮጵያ ሆናችሁ የምታነቡ፣ ቴክኒኩ ያው ነው። ነገር ግን ከሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ሳታገኙ፣ ሜዳ አገኘሁ ብሎ ተነስቶ መብረር የለም።

ደረጃ 1፦ አውሮፕላናችሁ በርግጥ አልትራላይት ናት?

በአሜሪካ ሕግ፣ በፓርት 103፣ ሞተር ያላት አልትራላይት እነዚህን ሁሉ ማሟላት አለባት።

1. መቀመጫዋ አንድ ብቻ ነው።
2. ባዶ ክብደቷ ከ254 ፓውንድ (115 ኪሎ ገደማ) በታች ነው።
3. የምትይዘው ነዳጅ ከ5 ጋሎን (19 ሊትር ገደማ) አይበልጥም።
4. በሙሉ ጉልበት፣ በአግድም በረራ ከ55 ኖት (በሰዓት 102 ኪሎሜትር ገደማ) አትፈጥንም።
5. ሞተሩ ሳያግዛት ስቶል የምታደርገው፣ ማለትም ክንፏ አየሩን የሚለቀው፣ በ24 ኖት ወይም ከዚያ ባነሰ ፍጥነት ነው።

ይህን ካሟላች የአብራሪ ፈቃድ፣ የሕክምና ወረቀትና ምዝገባ አትጠየቁም። አንዷን እንኳ ካላሟላች አልትራላይት አይደለችም። ተመዝግባ ቁጥር ማግኘት አለባት፤ እናንተም ፈቃድ ያስፈልጋችኋል።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ክብደቱ ላይ ነው። ፕላኑ 248 ፓውንድ ይላል። ከዚያ ወፍራም ቀለም፣ የተሻለ ወንበር፣ ሞተር ማስነሻ ባትሪ ይጨመርና 270 ይገባል። ለአደጋ ጊዜ ፓራሹት 24 ፓውንድ ለብቻው ይፈቀዳል። ባትሪ ግን እንደ ደህንነት ዕቃ አይቆጠርም። የሚጎተት ገመድ ይበቃችኋል።

በረራው በቀን ብቻ ነው። ከተማና የሰው ስብስብ ላይ መብረር ክልክል ነው። የኤርፖርት ቁጥጥር ባለበት የአየር ክልል አስቀድሞ ፈቃድ ሳይዙ መግባት አይቻልም። ለሌላ አውሮፕላን ሁሉ ቅድሚያ የምትሰጡት እናንተ ናችሁ።

ደረጃ 2፦ ቡሎንና ዳዶ፣ አንድ በአንድ

አንድ ቀይ ማርከር ግዙ። ከአፍንጫ ጀምራችሁ ወደ ጭራ ሂዱ።

1. እያንዳንዱ ቡሎን የአውሮፕላን ቡሎን መሆኑን እዩ። ራሱ ላይ ምልክት አለው። ከሕንፃ መሣሪያ መደብር የተገዛ ቡሎን ካገኛችሁ አውጥታችሁ ጣሉት፤ "ለጊዜው ይሁን" አይሠራም።
2. ዳዶው ከጠበቀ በኋላ የቡሎኑ ጥርስ ቢያንስ አንድ ሙሉ ዙር ብቅ ማለት አለበት። ካላለ ቡሎኑ አጥሯል።
3. በቶርክ ቁልፍ፣ ማለትም የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ፣ አጥብቁ። 3/16 ኢንች ለሆነው ኤኤን3 ቡሎን የተለመደው ከ20 እስከ 25 ኢንች-ፓውንድ ነው። ለ1/4 ኢንቹ ኤኤን4 ከ50 እስከ 70 ነው። ፕላናችሁ ሌላ ቁጥር ከሰጠ የፕላናችሁን ያዙ።
4. ያለቀውን ከዳዶው እስከ ቱቦው በማርከር አንድ መስመር አስምሩበት። ነገ ዳዶው ቢዞር መስመሩ ይሰበርና ከሩቅ ታዩታላችሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ ቱቦን በቡሎን አብዝቶ ማጥበቅ ቱቦውን ያጨፈልቀዋል። ክብ የነበረው ቱቦ ሞላላ ሆኖ ካገኛችሁት በመዶሻ አታቃኑት። ቀይሩት። ቀዳዳው ከሰፋም እንደዚያው።

የሥራው ግማሽ ላይ ስልክ ቢደወል የያዛችሁትን ቡሎን ጨርሳችሁ መስመሩን አስምሩና አንሱ። ግማሽ የጠበቀ ቡሎን ከላላው ይብሳል፤ ለዓይን የጠበቀ ይመስላል።

ደረጃ 3፦ መሪው ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ ይሄዳል?

ይህን የሚንቅ ብዙ ነው። እኔም ንቄው ነበር። ኬብሎቹን ካሰርኩ በኋላ መሪውን ግራ ቀኝ እያልኩ "ይንቀሳቀሳል" ብዬ አለፍኩ። አንድ ጓደኛዬ ቡና ይዞ ጋራዥ መጣ። ስለ አውሮፕላን የሚያውቀው ነገር የለም። ክንፉ አጠገብ ቆሞ፣ "አንተ ወደ ግራ ስትገፋ የግራው ለምን ወደ ታች ይወርዳል?" አለኝ። ኬብሎቹን አጣምሬ ነበር ያሰርኳቸው። ያኔ ብነሳ ኖሮ ክንፉን ለማቅናት የማደርገው ሁሉ ይበልጥ ያጋድላት ነበር።

እንዲህ ፈትሹ፦

1. መሪውን ዘንግ በጡጫ ይዛችሁ አውራ ጣታችሁን ወደ ላይ አቁሙ። ዘንጉን ወደ ግራ ግፉ። አውራ ጣታችሁ ባጋደለበት በኩል ያለው አይለሮን፣ ማለትም የክንፉ የኋላ ጠርዝ ላይ ያለው ተንቀሳቃሽ ክፍል፣ ወደ ላይ መነሳት አለበት።
2. ዘንጉን ወደ ራሳችሁ ሳቡ። የጭራው ኤሌቬተር፣ ማለትም አግድም ያለው ተንቀሳቃሽ ክፍል፣ ወደ ላይ ይነሳል።
3. የቀኝ ፔዳል ርገጡ። የራደሩ፣ ማለትም ጭራው ላይ ቀጥ ብሎ የቆመው ተንቀሳቃሽ ክፍል፣ የኋላ ጠርዝ ወደ ቀኝ ይሄዳል።
4. አሁን ሌላ ሰው አይለሮኑን በእጁ ይያዝባችሁና ዘንጉን በቀስታ ግፉ። ኬብሉ ከላላ ወይም የሆነ ነገር ከተጣመመ የሚታየው ኃይል ሲያርፍበት ነው።

ኬብሎቹን በሙሉ በጨርቅ ይዛችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንሸራቱ። ጨርቁ ከተያዘ የተበጠሰ የሽቦ ክር አለ፤ ያ ኬብል ይቀየራል። በባዶ እጅ አትሞክሩት፤ ይቆርጣችኋል። ኬብሉ ጫፍ ላይ የተጨመቀችውን የመዳብ ቀለበት በመለኪያዋ ለኩ። መለኪያው ካላለፈባት በደንብ አልተጨመቀችም ማለት ነው።

ደረጃ 4፦ የክብደት ማዕከል

እዚህ ጊዜ ውሰዱ። አፍንጫዋ የከበደ አውሮፕላን ለመብረር ታስቸግራለች። ጭራዋ የከበደ ግን ስትነሳ አፍንጫዋ ወደ ላይ ይሄዳል፤ መሪውን ብትገፉም አትመለስ ይሆናል።

1. ነፋስ በሌለበት ቤት ውስጥ ሦስቱን ጎማዎች ሦስት ሚዛን ላይ አቁሙ። በበረራ ጊዜ እንደምትሆነው አስተካክላችሁ አቁሟት።
2. የምትበሩበትን ልብስ፣ ጫማና ሄልሜት ለብሳችሁ ተቀመጡ። ቁጥሩን ሌላ ሰው ያንብብ፤ እናንተ ወደ ሚዛኑ ካጎነበሳችሁ ቁጥሩ ይለወጣል።
3. ከአፍንጫዋ ጫፍ እስከ እያንዳንዱ ጎማ መሐል ያለውን ርቀት በሳንቲሜትር ለኩ።
4. የእያንዳንዱን ጎማ ክብደት በርቀቱ አባዙ። ደምሩት። ድምሩን ለጠቅላላው ክብደት አካፍሉ።

ምሳሌ፦ የፊት ጎማ 30 ኪሎ፣ ርቀቱ 60 ሳንቲሜትር፤ 1,800። የኋላ ጎማዎች እያንዳንዳቸው 85 ኪሎ፣ ርቀታቸው 190፤ አንዱ 16,150፣ ሁለቱ 32,300። ድምር 34,100። ለ200 ኪሎ ሲካፈል 170.5 ሳንቲሜትር። የክንፉ የፊት ጠርዝ ከአፍንጫው 130 ሳንቲሜትር ላይ ከሆነ ማዕከሉ ከጠርዙ 40.5 ሳንቲሜትር ወደ ኋላ ነው። የክንፉ ስፋት (ከፊት ጠርዙ እስከ ኋላ ጠርዙ) 150 ከሆነ 27 በመቶ ላይ ወደቀ ማለት ነው።

ይህን ፕላኑ ከሚፈቅደው ክልል ጋር አስተያዩ። ባዶ ታንክና ሙሉ ታንክ ለየብቻ አስሉ። ታንኩ ከማዕከሉ ኋላ ወይም ፊት ከሆነ ነዳጁ ሲያልቅ ማዕከሉ ይንቀሳቀሳል።

ከክልሉ ከወጣ፦ መጀመሪያ ያለውን ዕቃ አንቀሳቅሱ፤ ወንበር፣ ታንክ፣ ፓራሹት። እርሳስ ማሰር የመጨረሻው አማራጭ ነው። "ትንሽ ብቻ ነው የወጣው" ብሎ መነሳት ግን አማራጭ አይደለም።

ደረጃ 5፦ ነዳጅ

በአየር ላይ ቀጥ ያለ ሞተር ሲመረመር ብዙ ጊዜ ሞተሩ ራሱ ጤነኛ ነው። ያጣው ቤንዚን ነው።

1. አውሮፕላኗን ስትወጣ እንደምትሆነው አፍንጫዋን ቀና አድርጋችሁ አቁሟት። ቱቦውን ከካርቡሬተሩ ነቅላችሁ ወደ መለኪያ ዕቃ ለአንድ ደቂቃ አፍስሱ። በራሱ ክብደት ለሚወርድ ነዳጅ ሞተሩ በሙሉ ጋዝ ከሚጠጣው 150 በመቶ መፍሰስ አለበት። ፓምፕ ካለው 125 በመቶ ይበቃል። ሞተሩ በሰዓት 20 ሊትር ይጠጣል እንበል፤ በራሱ ክብደት የሚወርድ ከሆነ በደቂቃ ግማሽ ሊትር ማግኘት አለባችሁ።
2. ካነሰ ፊልትሮውን፣ የቱቦውን መታጠፊያና የታንኩን መተንፈሻ ቀዳዳ እዩ። መተንፈሻው ላይ ተርብ በጭቃ ቤት ይሠራል፤ አትሳቁ። ለአሥር ደቂቃ ጥሩ ይሠራና ታንኩ ውስጥ አየር ሲያጥር ሞተሩ ይጠፋል።
3. ቱቦዎቹን ጭመቁ። እንደ ፕላስቲክ ከደረቁ ቀይሩ።
4. ኢታኖል ያለበት ቤንዚን ውኃ ይስባል። ሳምንታት የቆየ ቤንዚን ለመኪናችሁ አድርጉት።

የሥራው ቦታ አየር ያለው ይሁን፤ እሳት ማጥፊያው እጃችሁ የሚደርስበት ይሁን።

ደረጃ 6፦ ሞተር

ብዙዎቻችን ያለን ሮታክስ 447 ወይም 503 ነው፤ ባለ ሁለት ምት። አምራቹ ራሱ ይህ ሞተር በማንኛውም ሰዓት ሊቆም ይችላል ብሎ በመጽሐፉ ጽፏል። እመኑት።

ዘይቱ። ቅልቅሉ 50 ለ 1 ነው። ለ10 ሊትር ቤንዚን 200 ሚሊ ሊትር፣ ለሙሉ 5 ጋሎን 380 ሚሊ ሊትር ገደማ። በዓይን አትገምቱ። በሌላ ጀሪካን ቀላቅላችሁ፣ ነቅንቃችሁ፣ አጣርታችሁ ጨምሩ። የተቀላቀለበት ጀሪካን ላይ ቀኑን ጻፉበት። ያልተቀላቀለ ቤንዚን ከገባ ፒስተኑ ይነክሳል፤ ማለትም ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል።

ከፍታው። በኮሎራዶ የአገራችን ሰው በብዛት የሚኖርበት ዴንቨርና አውሮራ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ይበልጣል። እንዲህ ያለ ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ዴንቨር ላይ 15 በመቶ፣ አዲስ አበባ ላይ ከ20 በመቶ በላይ ሄደ ማለት ነው። ሙቀት ሲጨመርበት ይብሳል። 35 ዲግሪ በሆነ ቀን ዴንቨር ላይ አውሮፕላኗ የሚሰማት አየር ከ2,600 ሜትር በላይ እንዳለው ነው። በባሕር ጠረፍ በ60 ሜትር ተነሳች የተባለች አውሮፕላን እዚህ በዚያው ርቀት ትነሳለች ብላችሁ አትጠብቁ።

ከፍታ ላይ ከአየሩ ጋር ሲቀላቀል ቤንዚን ስለሚበዛበት፣ ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚኑ የሚያልፍባት ቀዳዳ ያላት ቁራጭ፣ ጄት የምትባለው፣ በትንሽ ትቀየርለታለች። ወጥመዱ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ስትመለሱ ነው። በዴንቨር ጄት ቴክሳስ ወርዳችሁ ከበረራችሁ ሞተሩ ቤንዚን ያንሰዋል፤ ይግላል፤ ይነክሳል። ተጎታች ላይ ጭናችሁ አውራጃ በቀየራችሁ ቁጥር መጀመሪያ ጄት እዩ።

ማለማመድ። አዲስ ወይም የታደሰ ሞተር መሬት ላይ ታስሮ በመጽሐፉ ሠንጠረዥ መሠረት አንድ ሰዓት ያህል ይለማመድ። ጭራዋን ከዛፍ ወይም ከመኪና ጋር እሰሩ። የጭስ ማውጫውን ሙቀት ተከታተሉ፤ ለ503 ጣሪያው 650 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። የሲሊንደር ራስ ጣሪያው 250 ነው። ወደዚያ ከተጠጋ ጋዙን ቀንሱ፤ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ካለ ፈልጉ። የካርቡሬተሩ ጎማ ላይ ስንጥቅ ካለ አየር ያስገባል። ጎማውን አጥፋችሁ እዩ፤ ሳይታጠፍ ስንጥቁ አይታይም።

ካንዴላው። ክፍተቱ 0.5 ሚሊሜትር ነው። ቡናማ ከሆነ ደግ ነው። ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል፤ አትብረሩ። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ቤንዚን ወይም ዘይት በዝቷል።

ማስጠንቀቂያ፦ የነዚህ ሞተሮች ማጥፊያ የሚሠራው ሽቦውን ከሞተሩ ብረት ጋር በማገናኘት ነው። ሽቦው ከተበጠሰ ማጥፊያው "ዝግ" ቢልም ሞተሩ ለመነሳት ዝግጁ ነው። ስለዚህ ፕሮፔለሩን ሁልጊዜ እንደሚነሳ አድርጋችሁ ያዙት። በሚዞርበት መስመር ላይ ማንም አይቁም። ልጆችን በተለይ።

ደረጃ 7፦ አብራሪውን አዘጋጁ

ሕጉ ፈቃድ አልጠየቀም ማለት ሥልጠና አያስፈልግም ማለት አይደለም። ባለ ሁለት መቀመጫ ቀላል አውሮፕላን ያለው አስተማሪ ፈልጋችሁ፣ እሱ "ብቻህን ብረር" እስኪላችሁ ድረስ ተማሩ። እንደ ሴስና ያለ የተለመደ ትንሽ አውሮፕላን የምታበሩም ብትሆኑ አትለፉት። ሴስና ጋዝ ሲቀነስባት ትንሸራተታለች። አልትራላይት ክብደት ስለሌላት ፍጥነቷ ወዲያው ይሞታል። አፍንጫውን በሰከንዶች ውስጥ ካልጣላችሁ ስቶል ነው።

ኢኤኤ፣ ማለትም ዋና ቤቱ ኦሽኮሽ ዊስኮንሲን የሆነው የአውሮፕላን ሠሪዎችና አብራሪዎች ማኅበር፣ ቴክኒክ አማካሪዎችና የበረራ አማካሪዎች አሉት። ለአባላት ያለ ክፍያ መጥተው ያያሉ። ሥራችሁን ሌላ ዓይን ይየው፤ የኔን ኬብል ያየው ቡና ያመጣው ጓደኛዬ መሆኑን አትርሱ።

ደረጃ 8፦ መሬት ላይ መንዳት

1. ጠዋት፣ ነፋሱ ከ5 ኖት በታች ሲሆን ብቻ።
2. በሰው እርምጃ ፍጥነት አንድ ሰዓት ንዱ። ፍሬን፣ መዞር፣ ማቆም።
3. ፍጥነቱን ጨምሩ፤ ጎማው መሬት ሳይለቅ። ራደሩ መቼ መሥራት እንደሚጀምር ይሰማችሁ።
4. ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ወርዳችሁ ጎማና ቡሎን እዩ፤ ቀይ መስመሩን ተከተሉ።

ትንሽ ብድግ ብሎ መልሶ ማረፍን እንደ መሸጋገሪያ የሚመክሩ አሉ። እኔ አልወደውም። ረጅም ሜዳ ይፈልጋል፤ ሰውም ሳያስበው ተነስቶ ሜዳው ያልቅበታል። ሜዳችሁ ከ1,000 ሜትር ካነሰ ይቅርባችሁ።

በፍጥነት ስትነዱ ሳታስቡት ከተነሳች፦ ጋዙን ድንገት አትዝጉ። በጥቂቱ ቀንሱ፣ ክንፉን አስተካክሉ፣ ከፊት ሜዳ ካለ አሳርፏት። ከሌለ ሙሉ ጋዝ ሰጥታችሁ ውጡ፤ ዞራችሁ ታርፋላችሁ።

ደረጃ 9፦ የመጀመሪያው በረራ

ተመልካች አትጥሩ። ቪዲዮ ቀራጭ ሲኖር ሰው "ዛሬ ይቅር" ማለት ያፍራል። አንድ ስልክና እሳት ማጥፊያ የያዘ ሰው ይበቃል።

1. የፓራሹቱን ማገጃ ፒን አውጡ። ብዙ ሰው ረስቶት ይነሳል። ስታርፉ መልሱት።
2. ሞተሩን በደንብ አሙቁ። ሳይሞቅ ሙሉ ጋዝ አትስጡ።
3. በሙሉ ጋዝ ተንደርደሩ። የሜዳው ግማሽ ላይ ካልተነሳች ዝጉና አቁሙ።
4. ቀጥ ብላችሁ ውጡ። እስከ 300 ሜትር ድረስ ከቀላል መዞር በቀር ምንም አትሞክሩ። ሜዳው ሁልጊዜ ተንሸራታችሁ የምትደርሱበት ቦታ ይሁን።
5. እዚያ ከፍታ ላይ ጋዙን ቀስ ብላችሁ ቀንሱ፤ አፍንጫው ሳይወርድ ያዙ። መንቀጥቀጥ ሲጀምር ፍጥነት መለኪያው የሚያሳየውን ቁጥር ያዙና አፍንጫውን ጣሉ። ያንን ቁጥር በ1.3 አባዙ። በመለኪያው 24 ኖት ካነበባችሁ 31 ኖት ይዛችሁ ኑ። መለኪያው ቢሳሳትም ሒሳቡ ከራሱ ጋር ስለሆነ ወደ እውነቱ ያስጠጋችኋል።
6. አሳርፏት። 15 ደቂቃ ይበቃል። ሞተሩን አጥፉና ሁሉንም ቡሎን እንደገና እዩ።

ሞተሩ ቢቆም

አንድ ነገር ብቻ በእጃችሁ ልምድ ይሁን፦ ፀጥ ሲል መሪው ወደ ፊት። ከማሰብ በፊት። በተለይ ሞተሩ ከክንፍ በላይ የተሰቀለባት ከሆነች፣ ሞተሩ አፍንጫዋን ወደ ታች እየገፋ ስለነበር ሲቆም አፍንጫዋ በራሷ ወደ ላይ ይነሳል።

ገና ተነስታችሁ ከሆነ ወደ ሜዳው አትመለሱ። ከፊት ለፊት፣ ከ30 ዲግሪ ሳትርቁ ግራ ወይም ቀኝ ያገኛችሁት ላይ አሳርፏት። ቁጥቋጦ ላይ ክንፏን ሳያጋድል የሚያርፍ ሰው ብዙ ጊዜ በእግሩ ይሄዳል። ዞሮ ለመመለስ ሲሞክር ስቶል ያደረገ ግን አፍንጫውን ይዞ ነው የሚወርደው። ሞተሩን ለማስነሳት መሞከር ከፍታ ሲኖር ብቻ ነው።

ደረጃ 10፦ እስከ 25 ሰዓትና ከዚያ በኋላ

ከመጀመሪያው ሰዓት በኋላ የፕሮፔለሩን ቡሎኖች ቶርክ እንደገና ፈትሹ። እንጨት ከሆነ አየሩ ሲደርቅ እንጨቱ ይኮማተራል፤ ቡሎኑ ይላላል፤ ወቅት በተለወጠ ቁጥር ይፈተሽ። የሲሊንደር ራስ ዳዶዎችን ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አጥብቁ። የጭስ ማውጫው ስፕሪንጎች ከተበጠሱ ፕሮፔለሩ ከኋላ ባለበት አውሮፕላን ቀጥታ ወደሱ ይሄዳሉ። በሽቦ እሰሯቸው።

በየ50 ሰዓቱ ጭስ ማውጫውን ፈታችሁ የፒስተኑን ቀለበቶች በእንጨት ነካ ነካ አድርጉ። ወደ ውስጥ ገብተው ካልተመለሱ በካርቦን ተይዘዋል፤ ራሱን ፈታችሁ አጽዱ።

የክንፉን ጨርቅ የሚገድለው በረራ ሳይሆን ፀሐይ ነው። ውጭ የሚያድር ጨርቅ መልኩ ሳይለወጥ ጥንካሬው ይሄዳል። ሸፍናችሁ አቁሟት። ስትፈትሹ ከላይኛው ገጽ ጀምሩ፤ ፀሐይ የሚመታው እሱን ነው። በአውራ ጣት ጫን ስትሉት ስፌቱ ከተፈታ ወይም ጨርቁ ከተሰነጠቀ ያ ክንፍ መሬት ላይ ይቅር። ሌላውን ክንፍም በዚያው ቀን ፈትሹት፤ አንድ ቀን ተሰፍተው፣ አንድ ፀሐይ ላይ ነው የቆሙት።